የዕጣሽ ሣልስ ዘር

የሻረጌ፣ ሆዴ፣ በዚያ በማዶው አገር እንዴት ከረምሽ?

ከተለያየን ሁለተኛው ፋሲካ አልፎ ይኸው ክረምቱ ገባ። ተዝካርሽን እንደ አቅማችን አውጥተናል፤ ካህናቱም ጎረቤቱም መርቆ ነው የሄደው፤ በዚያ በኩል አሳብ አይግባሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ስለ ዕጣሽ ነው።

የኔን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ። የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ወደ ሞፈሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ኋላም መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ምን ቀረኝ ብዬ ከወንበሩ ተነሣሁ። እንግዲህ ብሳሳት አትሳቂብኝ። ደግሞ በመነጽሩ ነው የምጽፈው። አዎ፣ አንቺ በመጀመሪያው ትርፍሽ ገዝተሽልኝ፣ እኔ ምን አረጀሁና ብዬ ሳጥን ውስጥ የወረወርኩት መነጽር። አሁን አፍንጫዬ ላይ ተቀምጧል። ፊደል እንዲህ ጥቁር ነው ለካ! እኔ እኮ ዓለሙ ራሱ የደበዘዘ ይመስለኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ የሻረግ። ያኔ ያላልኩትን ዛሬ ልበለው።

ቤቱ ደህና ነው። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። የጓሮውን ቀፎ የምጠብቀው እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው። አንቺ ማር ስትቆርጪ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ተጠንቀቂ እያልኩ እጮህ የነበርኩት ሰውዬ። እንዳንቺ ቀፎውን በጣቴ አንኳኩቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ካጉረመረሙ ደህና ናቸው፣ ዝም ያሉ እንደሆን ነው የሚያስፈራው ትይ ነበር። ዘንድሮ ያጉረመርማሉ። ግን ንብ የእግዜር ነው፤ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይሄዳል። በስምሽ እየተጠራ በስምሽ የሚያድግ ነገር ከዕጣሽ በቀር የለም። ቀሚስሽ እንደተሰቀለ ነው፤ አይረዝም። ጫማሽም እንዳለ ነው። ዕጣሽ ግን በያመቱ አንድ ነገር ይሆናል። ለዚህ ነው እንዲያ የተሟገትኩለት።

የማር ማኅበሩ ሲቋቋም ያልኩሽን ታስታውሻለሽ? ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወርደሽ ማሩን ሸጥሽና ከማኅበሩ አሥር ዕጣ፣ ያው አክሲዮን የሚሉትን፣ ገዛሁ ብለሽ መጣሽ። ሰማሽ ወይ፣ ዕጣ ይወጣል እንጂ ይገዛል እንዴ አልኩሽ። አንቺም ሸማሽን እያጠፍሽ፣ አንዴ ወጥቶልኝ አንተን አገኘሁ፤ ሁለተኛውን ብገዛው ይሻለኛል አልሽ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ እስከ ስንት ጊዜ ሳቀብኝ! እኔ ግን አኩርፌ ሰነበትኩ። እንጀራና ወጥ ሆኖ ሳይበላ፣ በሬ ሆኖ ሳያርስ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሀብት ነው እያልኩ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ አስጠራኝ። ሟች አባል ሆኖ አይቀጥልም፤ ወይ ዕጣው ወደ ወራሽ ይዙር፣ ወይ ገንዘቡ ይመለስ፤ ከመስከረሙ ጉባኤ በፊት ወስኑ አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ሟች ሲል ልቤ ተነካ። ጉባኤ ላይ ወይዘሮ የሻረግ ተብሎ ሲጠራ አለች እያልኩ የምነሣው እኔ ነበርኩ፤ ማንም አለች አይባልም ብሎኝ አያውቅም።

ለልጃችን ለደሴ ነገርኩት። ላሊበላ ውስጥ ያንን ቤት ለእንግዳ ማሳደሪያ ካደረገ ወዲህ አንድም ክረምት ተመችቶት አያውቅም። ጣሪያው ያፈሳል፤ እንግዳውም እንደ ድሮው አይመጣም። አባባ፣ ዕጣው ይመለስና ጣሪያዬን ልምታበት፤ የእህቴን የትርንጎንም ድርሻ ቀስ ብዬ እከፍላታለሁ አለኝ። ክፉ አልተናገረም፤ ሦስት ልጅ ይዟል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የእናትህ ዕጣ እያደገ ነው፣ የሚያድግ ነገር አይነቀልም አልኩት። በስንት ያድጋል አለኝ። ቆይ፣ ሒሳቡን እነግርሃለሁ አልኩ።

ሒሳቡንም ሠራሁት። በቃሌ ነው የማውቀው። በመጀመሪያው ዓመት ለአሥሩ ዕጣሽ አንድ ሺህ ብር ትርፍ አካፈሉሽ። በሁለተኛው፣ አበባው ምድሩን በሸፈነበት ዓመት፣ ሁለት ሺህ ሆነ። በሦስተኛው ዝናቡ ቀረና አንድ ሺህ ብቻ፤ አልጋ ላይ ሆነሽ ስነግርሽ፣ ንብ ዝናብ አይሠራም፣ አትቆጣቸው ያልሽኝ ያኔ ነው። በአራተኛው አንቺ የለሽም፤ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ብር ሆኖ መጣ። እንግዲህ ከአንድ ሺህ ወደ ሁለት ሺህ፣ ከመቶ መቶ አደገ። ከሁለት ሺህ ወደ አንድ ሺህ፣ ከመቶ ሃምሳ ወደቀ። ከዚያ ከመቶ ሠላሳ ሦስት ተነሣ። መቶና ሠላሳ ሦስት ደምሬ ሃምሳውን ቀነስኩ፤ ሰማንያ ሦስት። ለሦስት ሳካፍለው ሃያ ሰባት ከምናምን። ምናምኑን አክብሬ ሃያ ስምንት አልኩት።

ሃያ ስምንት ከመቶ! የማርያም ማኅበር ዕለት፣ የንስሐ አባታችን ባሉበት፣ ጠላው ሳይዞር ነው ያወጅኩት። የየሻረግ ዕጣ በያመቱ ከመቶ ሃያ ስምንት ነው የሚያድገው አልኩ። ሰዉ፣ አያ ታፈረ ባንክ ሊከፍት ነው እያለ ቀለደብኝ። አባታችን ግን፣ እሷ እኮ ድሮም ብልህ ነበረች አሉ። ደረቴ ተነፋ። ደሴም ተቀምጦ ሲሰማ ቆየና፣ እሺ አባባ፣ በአባታችን ፊት እንነጋገር፤ በያመቱ ከመቶ ሃያ ካለፈ ዕጣው ይቀመጥ፣ አፌንም አልከፍት። ካላለፈ ይመለስ። ትርንጎ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ እሷ ትመርምረው አለ። ይሁን አልኩ። ቃሌን ሰጠሁ። ምን ያስፈራኛል?

ትርንጎ ትምህርት ሲዘጋ ከምታስተምርበት ከኮን መጣች። ጋሸና ላይ መኪና አጥታ ስትጠብቅ ውላ በጭቃ ተለውሳ ነው የደረሰችው። እግሯን ታጥባ እህል እስክትቀምስ እንኳ አላስቻለኝም፤ ቁጥሮቹን ዘረገፍኩላት። አባባ፣ ትንፋሽ ልውሰድ አለችና ከቦርሳዋ ያንን ካልኩሌተሯን አወጣች። የሱቁ ዓይነት አይደለም። ሳይንቲፊክ ነው የሚሉት፤ በላዩ ያለው ቁልፍ ከማሽላ ራስ ፍሬ ይበዛል። አንዱ ቁልፍ ሁለት ሥራ አለው፤ ሁለተኛውን ሥራ ስትፈልጊ አስቀድመሽ ሺፍት የሚባለውን መንካት ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ደጅ፣ ዘበኛውን ሳያስፈቅዱ አይገባም።

ሃያ ስምንቱን ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። መደመር አይደለም አባባ፣ እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ሣልስ ዘር ነው አለችኝ።

ሣልስ! ይሄንንማ ማን ያስተምረኛል? ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ። የኔታ በጅራፍ በጀርባዬ ያስገቡልኝ ትምህርት ነው። መነጽሬን አስተካክዬ ካልኩሌተሩን ነጠቅኳትና ከቁልፎቹ መካከል ሂን እፈልግ ጀመር። የለም። ሊም የለም፣ ሚም የለም። ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ የማንን ሣልስ ነው የምትይኝ አልኳት። ልጅሽ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲያ የተሳቀ ሳቅ ገና ያን ቀን ሰማሁ። በራሴ ላይ መሆኑ እንኳ አልቆረቆረኝም።

ኋላ ስታስረዳኝ ግን መሳቁ ቀረ። አባባ፣ አንድ ቀፎ ነበረዎት እንበል አለች። መንጋው ተከፈለና ሁለት ሆነ፤ ከመቶ ስንት አደገ? መቶ አልኳት። ለከርሞው አንዱ ጥሎ ጠፋ፤ ከመቶ ስንት ጎደለ? ሃምሳ። እንግዲህ በእርስዎ አደማመር ከመቶው ላይ ሃምሳው ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል በያመቱ ከመቶ ሃያ አምስት አድጓል። አሁን ጓሮው ውስጥ ስንት ቀፎ አለ?

አንድ አልኳት። እኔ ሰውዬ፣ አንድን ቀፎ አንድ አድርጌ አስቀምጬ አደገ እያልኩ ስፎክር!

ዘር ማለቷም ገባኝ። ከሺህ ተነሥተን ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ደርሰናል፤ በመካከሉ ሦስት ምርት አለ፤ ሣልስ ያለችውም ለዚህ ሦስት ነው። ጥጋቡንና ድርቁን ትተን፣ ዘሩ በያመቱ እኩል ቢያፈራና የተገኘው ሁሉ ሳይበላ ተመልሶ ቢዘራ፣ በስንት በስንት ሲባዛ ነው እዚህ የሚያደርሰን? ያንን ዘር መፈለግ ነው አለች። ይሄንንማ ገበሬ ያውቀዋል። የመጨረሻውን ለመጀመሪያው አካፈለች፤ አንድ ነጥብ ሦስት ሦስት አንድ። ከዚያ ጣቴን ይዛ ሦስትን አስነካችኝ፣ ዘበኛውን ሺፍትን፣ የዘሩን ምልክት፣ ቁጥሩን። እኩል ይሆናልን ራሴ ተጫንኩት። አንድ ነጥብ አንድ አለ። ጅራት እንኳ የለው። አንዱ ብሩ ራሱ ነው፣ ነጥብ አንዷ ናት ዕድገቱ፤ በያመቱ ከመቶ አሥር አለችኝ።

አሥር። ሃያ እንኳ አይደለም።

ደሴ የሚመጣው እሑድ ነበር። ትርንጎ ልቤን አየችው። ከጠየቀኝ አልዋሽም አባባ፣ ካልጠየቀኝ ግን የእርስዎ ነገር ነው አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ልጅ ስታድግ እንዲህ ናት፤ ታዝንልሻለች፣ ግን ከእውነቱ ፈቀቅ አትልም። ያንቺ ናት።

እኔ ወደ ቀፎዎቹ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደሴ እኔን አምኖ ሳይጠይቃት ቢያልፍስ ብዬ አሰብኩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ማንን ይገድላል? የአንቺ ነገር ከቤት ከሚወጣ አንድ ቃል ባልናገር ምን አለበት? ያኔ ትዝ ያልሽኝ ገበያ ላይ ነው። ከጎንሽ ያለችው ሻጭ ስኳር የነካውን ማር ቆልላ ገዢው ሁሉ ወደ እሷ ሲጎርፍ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ነበር። እኔ ስበሳጭ፣ ተወው፣ ስኳር የገባበት ማር ለዛሬ ሚዛን ይደፋል፣ ክረምቱን ግን አይሻገርም አልሽኝ። ያን ቀን ግማሹን ተሸክመን ነው የተመለስን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ማርሽን የምትገዛው የጠጅ ቤት ባለቤት ከላሊበላ መንገዱ ድረስ ወጥታ ተቀበለችሽ። ሃያ ስምንቴን አየሁት፤ ስኳር ነው። በአንቺ ማር ላይ ስኳር ልጨምር ነው እንዴ?

እሑድ ከገነተ ማርያም ቅዳሴ ስንመለስ ደሴ መጣ። ቁጭ እንዳለ፣ ትርንጎም አፏን ሳትከፍት፣ እኔው ተናገርኩት። ሃያ ስምንት ያልኩት ስሕተት ነው። አሥር ነው። ቃሌ ቃል ነው፣ ዕጣው ይመለስ አልኩ። ስናገር ወደ ግድግዳው ነበር የማየው፤ ዓይኑን ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። ማኅበርተኛውም የሚለኝ ታወቀኝ፤ አያ ታፈረ ባንኩ ተዘጋ ወይ ማለታቸው አይቀርም።

ደሴ መጀመሪያ ሳቀ። አባባ፣ ይሄን የድሮውን ሒሳብዎን በየትኛው ደብር ነው የተማሩት አለኝ። ደግሞም፣ የጤፉ ዋጋ እኮ በያመቱ ከመቶ ከአሥር በላይ ይሮጣል፤ ይሄ ዕጣ እያደገ ሳይሆን እያነከሰ ነው የሚከተለው አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ትርንጎ ካልኩሌተሩን ወደ እሱ ገፋችው። እስቲ ያንተንም እንየው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከእንግዶቹ ያገኘኸው ስንት ነበር፣ ዘንድሮስ ብላ ጠየቀችው። እያጉረመረመ ነገራት። ዘሩ ወጣ፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝና ብዙ ጅራት። ከአንድ በታች ከሆነ እያነሰ ነው ማለት ነው አለችው። ደሴ ያንን ቁጥር ትኩር ብሎ አይቶ፣ እንግዲያው ቤቴን ሸጠን ዕጣ እንግዛ በሉኛ አለ። ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን የልጄን ፊት አየሁት። ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ የሻረግ። እኔ ከእሱ ጋር ስሟገት ልጅ ነው እያልኩ ነው እንጂ፣ ለካ ሰውየው ክረምቱን ሙሉ ባልዲ ሲያቀያይር ነው የሚያድረው።

ጣሪያህን ምታ፣ ሁሉንም ውሰደው አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። የእናትህ ንብ ለፍታ ያመጣችው ለልጆቿ ራስ መጠለያ ከሆነ ከዚህ በላይ ምን ያድጋል?

እንደሱ ስለው እሱ ደግሞ አፈገፈገ። ያንተው ልጅ ነው ትይኝ ነበር፤ ቢሰጡት እምቢ፣ ቢከለክሉት እምቢ። ግማሹ ይበቃኛል፤ አምስቱ ለጣሪያው ይሁን፣ አምስቱ እንደተተከለ ይቆይ። እማዬ የገዛችውን ነቅለን ጨርሰን ጣሪያው በኋላ ቢያፈስ ማንን እንወቅሳለን አለ። አክሎም፣ ሃያ ስምንት ነው ብለው ቢቀሩ አንዱንም አልተውልዎትም ነበር፤ ኋላ ራሴ መርምሬ ደርሼበት እንጣላ ነበር አለኝ። ደረቴ እንደገና ተነፋ፤ በአሥር ከመቶ።

ማግስቱን ወደ ማኅበሩ ሄድን። አምስቱ በትርንጎ ስም ዞረ። እኔ ግን በዚያ ብቻ አልለቀቅኳቸውም። ሲጠራ የወይዘሮ የሻረግ ወራሽ ትርንጎ ተብሎ ነው የሚጠራ አልኩ። የሒሳብ ሠራተኛው እንዲያ ያለ ልማድ የለንም አለ። ዛሬ ጀምሩት አልኩት። ትርንጎ አፍራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ልጁም አየኝ፣ አየኝና ጻፈው። በመስከረም ስምሽ ይጠራል። አለች አልልም፤ ትርንጎ ናት የምትነሣው። እኔ ከኋላ ሆኜ እሰማለሁ።

የደሴ ቆርቆሮ ከጋሸና በመኪና መጥቷል። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ይመታል፤ ወጥቼ ምስማር አቀብለዋለሁ፣ አይውጡ ቢለኝም።

እንግዲህ ላመስግንሽ ነው የጻፍኩት፣ ሆዴ። ማር ሸጠሽ ዕጣ ስለገዛሽ ብቻ አይደለም። ልጆችሽ በአንድ ትንሽ ማሽን ላይ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ስላየኋቸው ነው። ሴት ልጅ ተምራ የት ትደርሳለች ሲባል፣ ትድረስና እናያለን ብለሽ ኮን ድረስ ስንቅ ስላመላለስሽላት ነው። እኔን የሚያህል ግትር ሰው በልጁ ፊት ተሳስቻለሁ እንዲል ስላደረግሽው ነው። ይሄን የመጨረሻውን ያለ አንቺ አልችለውም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ትርንጎ ወደ ኮን ልትመለስ ስትል፣ እንዲህ በያመቱ በአንድ ነጥብ አንድ እየተባዛ ቢሄድ አሁን ያለው እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ክፉ ዓመት ካልመጣ ነው አባባ፣ ማንም አያውቅም አለችኝ፤ ቢሆንም ካልኩሌተሩን ሰጠችኝና እኔው ደጋግሜ ተጫንኩት። ሰባት ጊዜ ስጫነው ሁለት ሊሆን ጥቂት ቀረው። በስምንተኛው ሁለትን አለፈ። ስምንት ዓመት ማለት ነው። ልጄ ዓይኗን ሰበረች፤ ዕድሜዬን ታውቃለች፣ ያሰበችውንም አውቄዋለሁ።

አንቺን እስከዚያ አልረሳሽም፤ ከዚያ ወዲያም አልረሳሽም። በያመቱ ጉባኤው ሲያልቅ ከመቃብርሽ አጠገብ ቆሜ ስንት እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ አደገም ቀነሰም፣ ምናምኑን ሳልጨምር። ወደ አንቺ መምጣቴ አይቀርም፣ ደስም ይለኛል። ግን እልኼን ታውቂዋለሽ፤ እጥፍ ሲሆን በዓይኔ ማየት አማረኝ። ትንሽ ታገሺኝ፣ የሻረጌ።

ያንቺው ታፈረ